ኦሜፕራዞል አልሠራልኝም፣ ጥናቱም ኦፕሬሽን ይሻላል ይላል፤ ታዲያ ምን እጠብቃለሁ?

ከላይ ባለው ጥያቄ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተው ክር (የጥያቄና ምላሽ ሰንሰለት) በጣም ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ምላሾቹን በየተራቸው ላውጋችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ስድቡንም ቀንሻለሁ። እኔም መሐል መሐል ሐሳቤን ጣል ማድረጌ አይቀርም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ። ጠያቂው ቃር ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃየው የኖረ ሰው ነው። ደረቱን ያቃጥለዋል፤ ጎንበስ ሲል ጎምዛዛ ውሃ አፉ ድረስ ይመጣበታል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ክኒን፣ ኦሜፕራዞል፣ ታዞለት ይውጣል፤ ለውጥ ግን የለም። ሐኪሙ መጠኑን እጥፍ አደረገለት፤ ያው ነው። በዚህ መሐል በ2019 ስለወጣ አንድ ጥናት ዜና አነበበ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች 67 ከመቶው ሲሻላቸው፣ በመድኃኒት ከታከሙት የተሻላቸው 28 ከመቶ ብቻ ናቸው ይላል። የእሱ ድምዳሜ አጭር ነው። ክኒኑ የገንዘብ ማግኛ ነው፣ መፍትሔው ቢላዋ ነው፣ ሐኪሞችም ይህን እያወቁ ሰው ያመላልሳሉ። ቀጥ ብሎ ወደ ቀዶ ሐኪም ቢሄድ ምን ችግር እንዳለው የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

1ኛ ምላሽ። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ምሕረት ተመኘለት፣ እሱም የዚሁ በሽታ ጓደኛ እንደሆነ ነገረው። ከዚያ ክኒኑን በቀን ውስጥ መቼ እንደሚወስደው ጠየቀው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ጨዋታውን ያዞረችው ግን እሷ ናት።

2ኛ ምላሽ። ነገሩ ሁሉ ጭንቀት ነው ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። ማንም አልመለሰለትም።

3ኛ ምላሽ። ይህችኛዋ የሕክምና ምርምር ላይ ትሠራለች። ተሳታፊ መመልመልና መከታተል የዕለት ሥራዋ ነው። ጠያቂው የጠቀሰውን ጥናት ከዜናው አልፋ ሙሉውን አንብባዋለች። አሜሪካ ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተካሄደ፣ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ነው። 67 እና 28 የሚሉት ቁጥሮች ትክክል መሆናቸውን አልካደችም። ቁጥሮቹ ከነማን እንደተገኙ ግን እንዲያይ ለመነችው። ኦሜፕራዞል አልሠራ ብሏቸው ወደ ጥናቱ የተላኩት 366 ሰዎች ነበሩ። በዕጣ ተመድበው ለንጽጽር የቀረቡት 78 ብቻ ናቸው። 288ቱ በር ላይ ቀሩ።

የት ሄዱ? እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳ ዘረዘረችው። እኔም ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። መጀመሪያ ሁሉም ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ለሁለት ሳምንት እንዲወስዱ ተደረገ። 42ቱ በዚህ ብቻ ተሻላቸው። አዲስ መድኃኒት የለ፣ ቢላዋ የለ። ያው እቤታቸው ያለው ክኒን ነው። 70ዎቹ የጥናቱን ሂደት ሳይጨርሱ ቀሩ። 54ቱ በሌላ በሌላ ምክንያት ወጡ። 23ቱ የምግብ ቧንቧቸው ላይ ሌላ በሽታ ተገኘ። 99ኙ ደግሞ ያቃጥላቸዋል እንጂ፣ ቃጠሎው ከጨጓራ ከሚመለስ አሲድ የመጣ አልነበረም። እነዚህን ቢላዋ ምን ያደርግላቸዋል? የማይመለስ አሲድ ሊታገድ አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፉት 78ቱ፣ መድኃኒት እየወሰዱም ጨጓራቸው ወደ ላይ እንደሚመልስ በመሣሪያ የተረጋገጠባቸው ናቸው። ቁጥሩም ከቀረብ ብለው ሲያዩት እንዲህ ነው። ቀዶ ሕክምና ከደረሳቸው 27 ሰዎች 18ቱ፣ ኦሜፕራዞል ከተጨማሪ መድኃኒቶች ጋር ከደረሳቸው 25 ሰዎች 7ቱ፣ ኦሜፕራዞል ከማስመሰያ (መድኃኒት ከሌለበት) ክኒን ጋር ከደረሳቸው 26 ሰዎች ደግሞ 3ቱ ከዓመት በኋላ ተሻላቸው። ጠያቂው ራሱን ከ18ቱ ጋር ቆጥሯል። እሷ ደግሞ ገና ወንፊቱ ውስጥ እንኳ እንዳልገባ ነው የነገረችው። በትሕትና ነው የነገረችው፤ ግን ነገረችው።

4ኛ ምላሽ። ጠያቂው ተመለሰ። ለ1ኛው የሰጠው መልስ፣ ክኒኑን የሚወስደው ማታ፣ እራት በልቶ ሊተኛ ሲል ነው የሚል ነበር። ማንም ሌላ እንዲያደርግ አልነገረውም።

5ኛ ምላሽ። ፋርማሲስት ነው፤ ደስ ብሎት የጻፈ ይመስላል። የጨጓራ ግድግዳ ላይ አሲድ የሚያወጡ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። ኦሜፕራዞልና ዘመዶቹ ይዘው ማቆም የሚችሉት በሥራ ላይ ያለውን ፓምፕ ነው፤ የተኛውን አያገኙትም። ፓምፖቹን በብዛት የሚቀሰቅሳቸው ምግብ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ መዋጥ አለበት፤ ፓምፖቹ ሲነሱ እሱ ደም ውስጥ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በልቶ ሊተኛ ሲሉ መዋጥ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ፌርማታ እንደመድረስ ነው አለ። አዳዲስ ፓምፖች በየቀኑ ስለሚሠሩም ሙሉ ውጤቱ በአንድ ክኒን አይታይም፤ ጥቂት ቀን ይፈልጋል። ሲያቃጥል ብቻ ብድግ አድርጎ የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ አልሞከረውም። ሰዎች ስለዚህ ነገር ተነግሯቸው እንኳ እንደሚረሱ፣ እሱም መስኮቱ ላይ በየቀኑ እየደጋገመ እንደሚናገር ጨመረ።

እኔ የምለው፣ ሐኪሙ መጠኑን እጥፍ ሲያደርግለት ሰዓቱን ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ይህ ክር አይከፈትም ነበር።

6ኛ ምላሽ። እዚህ ላይ ቃናው ተቀየረ። ይህ ሰው ፋርማሲስቱንም 3ኛዋንም አንድ ላይ ጠቀለላቸው። ጥናት ሁሉ በመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ የሚሠራ ነው፤ እናንተም እንጀራችሁ ከዚያው ነው ዓይነት ነገር ጻፈ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ነበር። እሱ ግን አንቺ ብሎ ጀመረ።

7ኛ ምላሽ። 3ኛዋ መለሰች። ስለ ደመወዟ አንድም ቃል አልተናገረችም። ጠያቂው ክኒንን ለመቃወም የያዘው ጥናት ወጪው የተሸፈነው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንደሆነ ብቻ ጠቀሰች። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ግን አላለችም። እንዲያውም የኩባንያ ገንዘብ ያለበትን ትልቅ ጥናት ራሷ አመጣችለት። ሎተስ ይባላል፣ ውጤቱ የታተመው በ2011 ነው። በ11 የአውሮፓ አገሮች 554 ሰዎችን ኢሶሜፕራዞል በተባለው የኦሜፕራዞል ዘመድና ቀዶ ሕክምና ላይ በዕጣ መደበ። ከአምስት ዓመት በኋላ መድኃኒቱ ላይ ካሉት 92 ከመቶ፣ ከቀዶ ሕክምናው ደግሞ 85 ከመቶ በሽታቸው ተገትቶ ነበር። ወጪውን የሸፈነው መድኃኒቱን የሚሠራው አስትራዜኔካ ነው። መድኃኒቱ ላይ ያሉት ሲብስባቸው መጠኑ እንዲጨመርላቸው ይፈቀድም ነበር። ይህን ይዞ ቢሟገት የተሻለ እንደሚሆን ነገረችው። እንዲህ ያለ መልስ ነው እንግዲህ አፍ የሚያስይዘው።

8ኛ ምላሽ። 6ኛው ግን አፉን አልያዘም። አንዱ ጥናት መድኃኒት 92 ከመቶ ሠራ ካለ፣ ሌላው 28 ከመቶ ካለ፣ አንዱ ውሸታም ነው ማለት ነው ብሎ ደነፋ።

9ኛ ምላሽ። አዲስ ገቢ ነው፣ ማን እንደሆነም አልተናገረም። በሦስት መስመር ነገሩን ቋጨው። ሎተስ ከመግቢያው የተቀበለው መድኃኒቱ ተሰጥቷቸው የተሻላቸውን ብቻ ነው። የ2019ኙ ደግሞ መድኃኒቱ ያልሠራላቸውን። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎችን ነው የጠየቁት፤ መልሱም ተለያየ።

የክሩ እንብርት ለእኔ ይኸው ነው። ስለ ጨጓራ አሲድ የሚወጣ ጥናት ሲያጋጥማችሁ፣ ከውጤቱ በፊት ማንን አስገብቶ ማንን እንደመለሰ እዩ። ዜናው ይህን አይነግራችሁም።

10ኛ ምላሽ። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገ ሰው ብቅ አለ። የጨጓራው ጫፍ በምግብ ቧንቧው የታችኛው ክፍል ዙሪያ ተጠቅልሎ ተሰፍቶለታል፤ ሩዶልፍ ኒሰን የተባለው ቀዶ ሐኪም በ1956 ያሳተመው ዘዴ ነው፣ ዛሬ በትንንሽ ቀዳዳ ይሠራል። አሁን ጠፍጣፋ ተኝቶ ያድራል፤ ጎምዛዛው ውሃም ቀርቷል። ታዲያ ነፃ ስጦታ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን ምግብ ደረቱ ላይ ይቆምበት ነበር። እስካሁን እንደ ልቡ አያገሳም። አየሩ በላይ መውጣት ሲያቅተው በታች ይወጣል፤ ስብሰባ ላይ ምን እንደሚሆን ገምቱት ብሎ ሳቀ። 3ኛዋ ከሥሩ ይህ የእሱ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ጻፈች። በዚያው በሎተስ አምስተኛ ዓመት ላይ የፈስ ብዛት ከቀዶ ሕክምናው ወገን 57 ከመቶ፣ ከመድኃኒቱ ወገን 40 ከመቶ ነበር። በአንጻሩ ወደ አፍ የሚመለሰው ነገር 2 ከመቶ ለ13 ከመቶ ነው፤ በዚህ ቢላዋው ያሸንፋል።

11ኛ ምላሽ። ስለ ፈስ ቀልድ ነው። እናልፈዋለን።

12ኛ ምላሽ። ይህ ረጅም ነው፣ ደግሞም ጥሩ ነው። ጸሐፊዋ ታሪኳ ከጠያቂው ጋር አንድ ነው፤ መድኃኒት አልሠራ አላት፣ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ስትነሳ የምግብ ቧንቧዋ ንጹሕ ነው ተባለች። ከዚያ የአሲድ መለኪያ ተደረገላት። ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ ገብቶ እስከ ጨጓራዋ አፍ ወረደ። ጫፉ ጉንጯ ላይ በፕላስተር ተለጠፈ፤ ሽቦው በአንገቷ ዞሮ ወገቧ ላይ ከታሰረች ትንሽ ሣጥን ጋር ተገናኘ። ሣጥኗ ቁልፎች አሏት። ስትበላ አንዱን፣ ስትተኛ አንዱን፣ ባቃጠላት ቁጥር ሌላውን ትጫናለች። አንድ ቀንና ሌሊት እንደዚያ ሆና ቆየች። ምራቅ በዋጠች ቁጥር ቱቦው ጉሮሮዋን ይነካታል፤ ፊቷን መታጠብ እንኳ ፈራች። የቃጠሎዋን ቁልፍ ደጋግማ ተጭናዋለች። ወረቀቱ ሲወጣ፣ ቁልፉን በተጫነችባቸው ደቂቃዎች አሲዱ እዚያው ጨጓራዋ ውስጥ ነበር። ወደ ላይ አልወጣም። በጠቅላላውም ቧንቧዋ በአሲድ የተነካበት ጊዜ ከ4 ከመቶ በታች ነበር፤ ይህ ጤናማ የሚባለው ልክ ነው። ከ6 ከመቶ ሲያልፍ ነው በሽታው አለ የሚባለው።

ሐኪሙ ቧንቧዋ ከመጠን በላይ ስሜታዊ የሆነ ነርቭ እንዳለው ነገራት። በትንሽ መጠን የሚሰጥ፣ በሌላ መጠን ለድብርት የሚታዘዝ መድኃኒት ጻፈላት። መጀመሪያ በጣም ተናዳ ወጣች። ግን ወሰደችው፤ ሕመሙም ረገበላት። ቀዶ ሐኪም ቀጠሮ ይዛ እንደነበርና እንደሰረዘችው በመጨረሻ ጣል አደረገች።

13ኛ ምላሽ። 6ኛው ነው፤ ይህን ሁሉ አንብቦ ችግሩ ጭንቅላትሽ ላይ ነበር ማለት ነው የሚል ነገር ጻፈ።

14ኛ ምላሽ። 12ኛዋ መለሰችለት። ከመልሷ ለቤተሰብ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ሕመም ሁሉ የሚሰማው በጭንቅላት ነው፣ የእሱ ጭንቅላት ግን ሌላም ነገር የሚሰማ አይመስልም። አወያዩ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። እኔ ብሆን አንዱን ብቻ ነበር የማስጠነቅቀው።

15ኛ ምላሽ። ፋርማሲስቱ ነገሩን ለማብረድ ይሁን አላውቅም፣ ስለ ማስመሰያ ክኒን አመጣ። በቃር ጥናት ውስጥ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ውጠው የሚሻላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በ2010 የወጣና 24 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ትንተና በአማካይ ወደ 19 ከመቶ ያደርሳቸዋል። አንዳንዱ ሙከራ ላይ ከ40 ከመቶ ያልፋል። ምክንያቱም ቃር ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው ለጥናት የሚመዘገበው ደግሞ ብሶበት ባለበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ማነጻጸሪያ ወገን የሌለው ጥናት፣ ጎረቤቴን አሻለው ከሚል ወሬ ብዙም አይርቅም።

የሰጠው ምሳሌ ይበልጥ ገርሞኛል። የምግብ ቧንቧውን የታችኛ በር በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት የሚያክም መሣሪያ አለ፤ ስትሬታ ይባላል። በ2003 በታተመ ሙከራ 64 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። የገሚሱ ቧንቧ ውስጥ መሣሪያው ገብቶ ሙቀቱ ተሰጠ፤ የሌሎቹ ግን የማስመሰያ ሥራ ብቻ ተሠራ። ከስድስት ወር በኋላ ሙቀቱ የተሰጣቸው ሰዎች ቃራቸው በተሻለ ቀነሰ። የአሲዱ ልክ ሲለካ ግን ከሌሎቹ አልተለየም። ታዲያ ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ፋርማሲስቱ መልስ አልሰጠም፤ እንደምትለኩት ነገር ይወሰናል ብሎ ተወው።

16ኛ ምላሽ። እዚህ ክሩ ወደ መኝታ ቤት ገባ። አንዲት ሴት ትራስ መደራረብ እንዳልጠቀማት፣ አንገቷን ብቻ እንዳሳመማት ጻፈች።

17ኛ ምላሽ። የአልጋውን ራስጌ እግሮች በጣውላ ማንሳት ነው የሚሻለው የሚል መጣ። ትራስ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል፤ ጣውላ ግን ሰውነቱን በሙሉ ያዘነብለዋል።

18ኛ ምላሽ። ባለትዳር ናት። ጣውላውን ሞክረውታል። እሷ ቃሯ ቀነሰ፣ ባሏ ግን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግርጌ እየተንሸራተተ ሲያማርር ከረመ። ከዚህ በኋላ ስለ ማንኮራፋት፣ ስለ ፍራሽና ማን ግድግዳ ጋ መተኛት እንዳለበት ብዙ ተባለ። ቁጥር አልሰጣቸውም።

19ኛ ምላሽ። 1ኛው ሰው ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። በግራ ጎን መተኛት። በግራ ሲተኙ ጨጓራው ከምግብ ቧንቧው መግቢያ በታች ይውላል፤ በቀኝ ሲተኙ ከላይ ይሆንና አሲዱ ወደ መግቢያው ይፈስሳል። ይህንንም በዕጣ ሞክረውታል። በ2022 በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ሰውየው ወደ ቀኝ ሲዞር በቀስታ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ደረት ላይ ተለጠፈ። የሌሎቹ መሣሪያ ማስመሰያ ነበር። መሣሪያው ከሠራላቸው ሰዎች 44 ከመቶው፣ ከማስመሰያው ደግሞ 24 ከመቶው ተሻላቸው። ልብ በሉ፣ ትኋን የሚያክል ነገር እንኳ ማስመሰያ ተሠርቶለታል። ለዚህ ነው እነዚህን ሰዎች የምወዳቸው።

20ኛ ምላሽ። ፍርሃት መጣ። አንዲት እናት እነዚህ ክኒኖች የመርሳት በሽታ፣ የአጥንት ስብራትና የኩላሊት ጉዳት ያመጣሉ የሚል ነገር አንብባ አቋርጣዋለች።

21ኛ ምላሽ። 3ኛዋ ይህን የጠበቀችው ይመስላል። ያ ወሬ ባብዛኛው የመጣው ከመዝገብ ጥናት ነው። ክኒኑን የወሰዱና ያልወሰዱ ሰዎች መዝገብ ይነጻጸራል። ችግሩ፣ ክኒኑን የሚወስዱት ቀድሞውኑ ብዙ ሕመም ያለባቸው መሆናቸው ነው። በዕጣ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ኮምፓስ ይባላል፤ 17,598 የልብና የደም ሥር ሕሙማን ለ3 ዓመት ያህል ፓንቶፕራዞል (ሌላው የኦሜፕራዞል ዘመድ) ወይም ማስመሰያ ወሰዱ። በ2019 ወጣ። ስብራት፣ የመርሳት በሽታ፣ የኩላሊት በሽታ፣ የሳንባ ምች፣ በአንዱም ልዩነት አልታየም። ከፍ ያለው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነው፤ 1.4 ከመቶ ለ1.0 ከመቶ። ሦስት ዓመት ግን ሃያ ዓመት እንዳልሆነ ራሷ ጨመረች። ሳያስፈልገው የሚወስድ ሰው ቢያቆም እንደሚሻልም አልደበቀችም።

22ኛ ምላሽ። እናቲቱ ካቆመች ወዲህ ቃሩ ከድሮውም እንደባሰባት ገለጸች። ይህ በሽታው ለመኖሩ ማረጋገጫ መስሏት ነበር።

23ኛ ምላሽ። ፋርማሲስቱ የዴንማርክ ጥናት ጠቀሰ፣ 2009። 120 ጤነኛ ሰዎች፣ ቃር የሚባል የማያውቁ። ገሚሶቹ ለ8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል ወሰዱ፣ ከዚያ ሳያውቁት ወደ ማስመሰያ ተቀየሩ። ካቆሙ በኋላ በነበሩት አራት ሳምንታት 44 ከመቶው ቃር ወይም መሰል ምልክት ያዛቸው። ከመጀመሪያውም ማስመሰያ ሲውጡ ከነበሩት 15 ከመቶ ብቻ። ጨጓራ ሲታገድ ከርሞ ሲለቀቅ ለጊዜው አብዝቶ ያመርታል። ስለዚህ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ መሐል ላይ በአንቲአሲድ (የወጣውን አሲድ በሚያበርድ መድኃኒት) መደጋገፍ እንደሚረዳ መከራት። አንዳንድ ሰው ክኒኑ ሱስ ሆነብኝ የሚለው ይህን ነው።

24ኛ ምላሽ። አዲሱን መድኃኒት ያመጣው ሰው ቮኖፕራዛን የሚለውን ስም ሲጽፍ ደስታው ያስታውቅ ነበር። ፓምፑን በሌላ መንገድ ይዘጋል፣ ምግብ መጠበቅ አያሻውም። ጃፓን ውስጥ በ2014 ጸደቀ፣ አሜሪካ በ2023 ለቆሰለ የምግብ ቧንቧ ፈቀደችው። 1,024 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ በ8 ሳምንት ውስጥ የ92.9 ከመቶው ቁስል ዳነ፤ በላንሶፕራዞል፣ በሌላው የኦሜፕራዞል ዘመድ፣ 84.6 ከመቶ ነው። ጠያቂው ቢላዋውን ትቶ ይህን ይጠይቅ አለ።

25ኛ ምላሽ። 9ኛው፣ ያ በሦስት መስመር የሚጽፈው፣ እንደገና በሦስት መስመር መጣ። እነዚያ ሁሉ ቧንቧቸው መቁሰሉ በኢንዶስኮፒ የታየ ሰዎች ናቸው። የተለካው የቁስሉ መዳን ነው። ጠያቂው ቁስል ይኑረው አይኑረው የሚያውቅ ሰው የለም።

26ኛ ምላሽ። አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ሙከራ ላይ እንዲሳተፍ ተጋብዟል፤ ማስመሰያው ቢደርሰኝ እየተቃጠልኩ ልኖር ነው ወይ ብሎ ፈራ። 3ኛዋ እዚያው ስር መለሰችለት። ባብዛኛው ሲብስ የሚወሰድ አንቲአሲድ ይሰጣል፤ ስንቱን እንደዋጠ ይቆጠራል፣ ያም ራሱ መረጃ ነው። የፈቃድ ቅጹን ፈርሞም በፈለገበት ቀን ያለ ምክንያት መውጣት መብቱ ነው። ከባዱ ነገር ሌላ እንደሆነ ነገረችው፤ ከመመደቡ በፊት የነበረውን መድኃኒት የሚያቆምባቸው ቀናት ናቸው። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው።

27ኛ ምላሽ። ነርስ ነች፤ ማንም እስካሁን ባለማንሳቱ ተቆጥታ ገባች። ምግብ ሲውጡ መያዝ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማስመለስ፣ ጥቁር ሰገራ፣ የደም ማነስ ያለበት ሰው የክኒን ሰዓት እያስተካከለ መቀመጥ የለበትም፤ ቶሎ መታየት አለበት። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለው ሕመም ደግሞ ቃር ነው ተብሎ አይተኛበትም። ድንገተኛ ክፍል ነው። ለዚህ ማንም አልተከራከራትም፤ 6ኛው እንኳ።

28ኛ ምላሽ። ጠያቂው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ክኒኑን ከቁርስ በፊት መውሰድ ከጀመረ ቃጠሎው ቀንሷል፣ ጎምዛዛው ውሃ ግን ጎንበስ ሲል አሁንም ይመጣል። ሐኪሙን ጠይቆ የኢንዶስኮፒ ቀጠሮ ይዟል፤ እዚያ ምንም ካልታየ የ12ኛዋ ዓይነት መለኪያ ይከተላል። ቀዶ ሕክምናውን አልተወውም፤ ወረፋ አስይዞታል። ኩባንያዎቹን አሁንም እንደማያምን ሳይገልጽ አላለፈም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል። መለኪያው ሲገባለት መድኃኒቱን እየወሰደ ነው ወይስ አቁሞ?

29ኛ ምላሽ። 3ኛዋ መለሰች። በሽታው መኖሩ ከዚህ በፊት በምርመራ ያልተረጋገጠበት ሰው አቁሞ ነው የሚለካው፤ ባብዛኛው ከሳምንት በፊት ያቆማል። ጥያቄው አሲድ ይመለሳል ወይ ስለሆነ ነው። በሽታው የተረጋገጠበት፣ መድኃኒቱ ግን ያልያዘለት ሰው ደግሞ እየወሰደ ይለካል፤ የእሱ ጥያቄ መድኃኒቱ ለምን አልበቃም ነው። የእሱ የትኛው እንደሆነ ኢንዶስኮፒው ሳይወጣ ስለማይታወቅ፣ ቀኑን ሐኪሙ እስኪነግረው ክኒኑን በራሱ እንዳያቆም አደራ አለችው።

ከዚህ በታች ያሉት የፍራሽ ማስታወቂያዎች ስለሆኑ አወያዩ ክሩን ዘግቶታል።